የሽማግሌው ሳባስ ጥርስ

ይህ ነገር ከላይ እስከ ታች እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ!

ሩፊና በአባቷ በሳባስ ሙት ዓመት ለሟች የሩዝ ቂጣ በሳህን ስታቀርብ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱንም አጠገቡ አኖረችለት፤ እንዲያኝክበት ነዋ! በቁሙ ሾርባ የነፈገችው ሴት! ውሻው ገብቶ ቂጣውንም ጥርሱንም ዋጠ። በእኛ አገር በኢሎኮስ ሟች በልቶ ሳይጨርስ ድምፅ ማሰማት ነውር ነውና አንድ ሰው እንኳ «ክላ!» አላለውም።

«እትዬ፣ ዘይት እናጠጣውና ያስመልሰው» አለ ታናሽ ወንድሟ ኢስኮ። «አባባ የተወልኝ ይህን ውሻ ብቻ ነው።»

«ደነዝ! ሲወጣ ጉሮሮውን ይቦጫጭረዋል። ይልቅ ተሸከመውና ሐኪም ጋ እንሂድ!»

ሐኪሙ «አይዟችሁ፣ ይተነፍሳል» ብሎ ራጅ አነሳው። በመጀመሪያው ፎቶ ጥርሱ ሆድ ውስጥ ተከፍቶ ይታያል። በሁለተኛው ገጥሟል።

«ፎቶ ማንሳት እንኳ አይችልም፤ ይሄም ሐኪም ተብሎ!» አለች ሩፊና።

በሦስተኛው ደግሞ ተከፍቷል። ኢስኮ ጆሮውን ውሻው ሆድ ላይ ለጠፈ።

«እትዬ… ያኝካል። እንደ አባባ፣ ቀስ ብሎ።»

እሺ፣ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። ሐኪሙ «ይተነፍሳል» አለ ያልኩት ውሸት ነው፤ ውሻው ገና መንገድ ላይ ሞቶ ነበር።