ቬሎ የለበሰችው ጦጣ

"ጠበቅ አድርገሽ ያዣት! እሷ ከነከሰችኝ እኔ አንቺን ነው የምነክሰው!" ይለኛል ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው፣ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ።

ወፍራም ጓንት አጥልቄ ጦጣዋን ከጀርባዋ ይዣለሁ። እግሮቿ በጆንያ ታስረዋል፤ ግን ትራገጣለች።

"ሙሽራዋ ጋብቻውን የወደደችው አልመሰለኝም" እላለሁ።

አይስቅም። ለልጁ ሠርግ በገዛ እጁ የሰፋውን ቬሎ፣ ይህችው ጆሮዋ የተሰነጠቀ ጦጣ በመስኮት ገብታ ጣሪያ ላይ አወጣችው። ዶቃው ለውዝ መስሏት እየነከሰች ቦጫጨቀችው። ልጁ በኪራይ ቬሎ ተዳረች። ከዚያ ወዲህ ሰውየው የሰው ሱሪ ሲያሳጥር እንኳ ጥርሱን ያፋጫል። ዛሬ ሙዝ አስቀምጦ ጠበቃት፤ ስትገባ መስኮቱን ዘጋባት።

አሁን ከቬሎው ቅዳጅ የሰፋላትን ኮት እያለበሳት ነው። ጀርባው ላይ በድርብ ክር ይገጥመዋል።

"ጋሼ፣ ዝንጀሮም መጀመሪያ መቀመጫዬን ብላለች። ከበቀሉ በፊት መስኮቱ ላይ ሽቦ ቢያደርጉበት አይሻልም?"

"ዝንጀሮ ብትሆን መሬት ለመሬት አባርሬ በዱላ እላት ነበር። ጉሬዛ ብትሆን ዛፏ ላይ ቅጠሏን እየበላች ሰው ጋ አትደርስም። ጦጣ ግን ሰው ቤት ካልገባች እንቅልፍ አይወስዳትም! እሺ፣ እንደ ሰው ትልበሳ። ዘመዶቿ ሲሸሿት ልይላት።"

"ጡቷ ወተት ሞልቶታል እኮ። ልጅ ሳይኖራት አይቀርም።"

"እኔም ልጅ አለኝ" ይላል፤ ክሩን በጥርሱ ይበጥሳል። "ልቀቂያት!"

የእግሮቿን ጆንያ ፈትቶ መስኮቱን ሲከፍት እለቃታለሁ፤ ተስፈንጥራ ትወጣለች። ወገኖቿ ማዶ ጣሪያ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ቅማል ይለቃቀማሉ። ነጩን ነገር ሲያዩ አንዱ ነብር እንደመጣበት ይጮኻል፤ ሁሉም ይበተናሉ። ትከተላቸዋለች። በተከተለቻቸው ቁጥር ይሸሻሉ።

ልብስ ሰፊው እንባው እስኪመጣ ይስቃል። "ሩጪ፣ ሙሽሪት! ሩጪ!" እኔንም ሳቄ ያመልጠኛል።

አንዲት ግልገል ጦጣ ግን ከውሃ ታንከሩ ጥግ ተጣብቃ ቀርታለች። እናቲቱ ደርሳ እጇን ትዘረጋላታለች። ግልገሏ ነጩን እጅጌ ስታይ ትጮኻለች፤ ሮጣ ሌላ ጦጣ ሆድ ላይ ትለጠፍና ከመንጋው ጋር ትሄዳለች።

እናቲቱ ብቻዋን ትቀመጣለች። እጅጌውን ትነክሳለች፣ ትጎትታለች። ክሩ ንቅንቅ አይልም።

"የእርስዎ ስፌት መቼም አይተረተርም" እላለሁ።

ዞር ስል መቀሱን ይዞ ወጥቶ፣ ማዶው ጣሪያ ላይ በተደገፈ መሰላል እየወጣ ነው።

"ነይ በይ፣ ሙሽሪት…" ይላል፣ ልጁን በሚያባብልበት ድምፅ። "ነይ፣ አልነካሽም።"

ጥርሷን ታሳየዋለች። ከዚያ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለች ትርቃለች፤ ነጩ ቅዳጅ ከኋላዋ ይውለበለባል። እሱ የመሰላሉ ጫፍ ላይ ቆሟል፣ መቀሱን እንደከፈተ።