የይማም ዋስ

የትምወርቅ ደሴ ላይ ዳቦ ቤት ከከፈተች ወዲህ እንደ ይማም ያለ ጋጋሪ አላጋጠማትም። ሊጡ በእጁ ልስልስ ይላል። ችግሩ ዋስ የለውም። አዲሱ ሕግ ከወጣ ጀምሮ የሠራተኛው ድካም በአምባር በኩል ወደ ዋሱ ስለሚተላለፍ፣ ለሥጋ ዘመዱ እንኳ ዋስ የሚሆን ሰው ጠፍቷል።

«ቀድሞ ማን ነበር ዋስህ?» አለችው።

«እናቴ ነበረች፣ እትዬ። አሁን ከአልጋ አትነሳም።»

የትምወርቅ ስትወጣ ስትገባ አረፈደች። ዛሬ ካልያዘችው ነገ ጎረቤቷ ይወስደዋል። መጨረሻ ላይ አምባሩን ራሷ አጠለቀችው። ድካም ብርቋ አይደለም፤ እሷም ድሮ ጋግራለች።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ተቀምጣ የልጇን የፌቨንን ፀጉር መሥራት ጀመረች። ሁለተኛው ሹሩባ ላይ እጇ ዛለ። ወገቧ ቁርጥ አለ። ማበጠሪያው ወደቀባት፤ አነሳችው፤ ደግሞ ወደቀ።

«እማ፣ ቁጭ ብለሽ ነው የደከመሽ?» አለች ፌቨን፣ ግማሽ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ።

አምባሩን ብታወልቀው ይማም ያለ ዋስ ይቀራል፤ ዳቦ ቤቱም ይታሸጋል። ስልኩን በሁለት እጇ ደግፋ ደወለች።

«ይማም፣ በሞቴ ትንሽ ተቀመጥ።»

ይማም ሊጡን እያገላበጠ ያፏጫል።

«ኧረ እኔ ምንም አልደከመኝም፣ እትዬ» አላት። «እናቴም በዚህ ሰዓት ላይ እየደወለች ተቀመጥ ትለኝ ነበር።»