የአባባ ሃሩን ሰላምታ

ስክሪኑ ላይ የወግዲዋ ነጥብ ቢጫ ስትሆን ኡምኩልሱም ከወንበሯ ትነሳለች። አክስቷ ፈርሂያ ግን መካነ ሰላም ባለችው ጠባብ ቢሮዋ እንደተደላደለች፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል «አብሽሪ» ትላታለች።

ከዓረብ አገር የሚደወለውን ስልክ ለየቤተሰቡ የሚያደርሱት ማሽኖች ወግዲም ደጎሎም ተቀምጠዋል፤ ፈርሂያ እዚሁ ሆና ሁሉንም በአንድ ስክሪን ትጠብቃለች። ነጥቡ ማሽን ነው፣ ክሩ ደግሞ ጥሪ። ክሩን ነካ ሲያደርጉት የሁለቱ ተነጋጋሪዎች ድምፅ ሞገድ ሆኖ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል እንጂ ወሬው አይሰማም። ኡምኩልሱም ይሄን ነገሩን ብቻ አትወድለትም።

በወግዲው ክር ላይ ያሉት እናቷና አያቷ ናቸው። እናቷ ከሪያድ የምትደውለው አሰሪዋ ስትፈቅድላት ብቻ ነው። ዛሬ አባቷ አባባ ሃሩን «ነይ» ካሏት ትመጣለች፤ ካላሏት ማታውኑ ለሌላ ሁለት ዓመት ትፈርማለች።

ነጥቧ ትቀላለች። ወግዲ መብራት ጠፍቶ የማሽኑ ባትሪ እያለቀ ነው።

«አባባ ይዘጉታል» ትላለች ኡምኩልሱም። አባባ ሃሩን ስልክ ዝም ካለ አለቀ ብለው የሚዘጉ ሰው ናቸው።

ፈርሂያ ክሩን በማውሱ ይዛ ወደ ደጎሎ ትጎትተዋለች፣ የተኛ ሕፃን ከአልጋ ወደ አልጋ እንደሚያዛውር ሰው። የአያትየው ጫፍ ቀድሞ ይገባል። የእናትየው ሞገድ ግን ገና ስላልተሻገረ ቀጥ ብሎ ይተኛል።

የአያትየው ከፍ ዝቅ ማለቱን አያቆምም። ኡምኩልሱም ሳቋ ያመልጣታል። ገና ሰላምታ ላይ ናቸዋ! እንደ ልማዳቸው የልጃቸውን ጤና ጠይቀው፣ የአሰሪዋን፣ የአሰሪዋን ልጆች፣ ያገሩን ሙቀት፤ ደግሞ ራሳቸው አልሐምዱሊላህ ብለው ለራሳቸው ይመልሳሉ። የሪያድ ሰው ተጠይቆ እስኪያልቅ ዝምታውን ማን ልብ ብሎት።

የእናትየው ሞገድ ደጎሎ ላይ ብቅ ይላል። ክሩ አረንጓዴ ነው። ኡምኩልሱም የአክስቷን እጅ ታያለች። የገዛ አባቷና የገዛ እህቷ እዚያ ክር ላይ ተንጠልጥለው፣ ያ እጅ ክሩን አንዴም አልሳተውም።

ከዚያ ሰላምታው ያልቅና የእናትየው ሞገድ ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ልምጣ ወይ ብላ እየጠየቀች መሆን አለበት። ፈርሂያ ማውሱን ትለቃለች፤ የቀራት ሥራ የለም።

የአያትየው ሞገድ አንዴ ዘለል ይላል፤ አጭር፣ አንዲት ቃል የምታህል። እምቢ ቢሉ ኖሮ አባባ ምክንያት ሲደረድሩ ያመሹ ነበር።

የእናቷ ሞገድ ስክሪኑ ላይ ከታጠረበት ሳጥን አፍ እስኪወጣ ይነሳል፣ እዚያው ላይ ሆኖም እንደ እልልታ ይርገበገባል።