ሰባት ጊዜ ስምንት

የሦስተኛ ክፍል ሕግ አጭር ነው፤ የመለሰ ያልመለሱትን በጥፊ ያጮላል፤ በአንድ ቀን ሁለት ጥያቄ የመለሰ ደግሞ የክፍል አለቃ ይሆናል። እጁ የራራ ግን አለቃነቱ ቀርቶ ጥፊውን ከመምህሩ ይቀበላል። የመምህሩ እጅ ደግሞ መጥረቢያ ነው።

«ሰባት ጊዜ ስምንት?»

ታምሬ አላወቀም። ሸዋረጋ አላወቀም። ከኋላ የተቀመጠችው ረጅሟ ተማሪም «ጠፋብኝ» አለች።

«ሃምሳ ስድስት!» ከፊት የተቀመጠች ትንሽ ልጅ ዘላ ተነሣች።

«ጎበዝ! አጩያቸው!»

አለቃነቱን ስትመኝ ነው የከረመችው፤ እጇ አልራራም። የታምሬ ከንፈር ተሰንጥቆ ደማ።

«ቆይ፣ ደጅ አንገናኝም!»

«ማባዣህን አጥንተህ ና» አለችውና ወደ ሸዋረጋ ዞረች። እሱ ከነወንበሩ ተገለበጠ።

ረጅሟ ተማሪ ጋ ስትደርስ ግን እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? በአንቺ ላሳይሽ?» መምህሩ እጅጌውን ሰበሰበ።

ረጅሟ ተማሪ ሻሿን ከጉንጯ ገለጥ አድርጋ፣ እንድትደርስባት ጎንበስ አለችላት።

«ምቺኝ እንጂ ልጄ፤ እናት ትቀየማለች?»

ጥፊው ጮኸ። እናቷ ቀና ሳትል፣ ጉንጯን እንደያዘች፣ በጆሮዋ ሹክ አለቻት።

«እንደ ልማዱ ቀጥሎ ስምንት ጊዜ ዘጠኝን ነው የሚጠይቀው። ሰባ ሁለት በዪ።»