የላባ ፈተና

ሰዓት ጠጋኙ ልጅቷን ለማግባት ከአባቷ ፈቃድ በቀር የጎደለው ነገር አልነበረም።

«አባዬ ወሬው ሁሉ ዶሮ ሆኗል» አለችው ልጅቷ። «ከጥቂት ወራት ወዲህ በየቅዳሜው አንዲት ዶሮ አንጠልጥሎ ይገባል። እሑድ ስትመጣ መጀመሪያ የሚወስድህ ወደ ዶሮዎቹ ነው። ባለፈው የአክስቴን ልጅ ወስዶ ‹ይቺ ምን ትባላለች?› ብሎ ጠየቀው። ‹ዶሮ› ብሎ መለሰለት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ ሰላምታውንም ቀዝቀዝ አድርጎበታል።»

የሰዓት ጠጋኙ የዶሮ ዕውቀት ከሳህን አያልፍም ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ገበያ ወረደ።

ከሽቦ ጎጆዎቹ መካከል ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የዶሮ ንግዱን ብቻቸውን ይዘውታል፤ ምላሳቸውም እንደ ቢላቸው ስለት አለው።

«እትዬ፣ የቀለማቸውን ስም ቢያስተምሩኝ?»

«ልትገዛ ነው?»

«አይ፣ ላገባ ነው።»

ሴትዮዋ ጎጆዎቹን ዞር ብለው አዩ። «ከነዚህ ውስጥ የትኛዋን?»

ጆሮው እስኪቀላ አፈረ፤ ግን ሁሉንም ነገራቸው። ሴትዮዋም ሆዳቸው ራራና ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እያወጡ አስተማሩት። ጥቁርና ነጩ እንደ ገብስ ቆሎ የተደባለቀባት ገብስማ ናት። በጥቁር ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨባት፣ የጅግራ ላባ የለበሰች የምትመስለው ዝግርማ ናት። የበሰለ ኮክ የምትመስለው ኮክማ፣ ነጭና ቀይ የተዘበራረቀባት ደግሞ ወሰራ ትባላለች።

«አናቷ ላይ ላባ የቆመላት ጉትያ ናት» አሉ። «ጉትያ ግን የቀለም ስም አይደለም፤ እንዳትቀላቅል! ነጭም ጉትያ አለች፣ ጥቁርም ጉትያ አለች። ስሟን መጥራት እያለ ‹ያቺን፣ ያቺን› የሚለኝ ሰው ደሜን ነው የሚያፈላው።»

ሰዓት ጠጋኙ ሁለት ቀን ሙሉ እያጉተመተመ ሠራ። አንዱን ደንበኛ «ገብስማው ሰዓትዎ ደርሷል» ብሎ አስደንግጦታል።

እሑድ ሄደ። አባትየው በጡረታ የተገለሉ ቀያሽ ናቸው፤ ቁመታቸው በር የሚሞላ፣ ፊታቸው የማይፈታ። ሚስታቸው ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። እጁን ጨብጠው ያለ አንዲት ቃል ወደ ጓሮ ወሰዱት። የዶሮዎቹ ጎጆ ገና የእንጨት ሽታው አልለቀቀውም። ሲገቡ ዶሮዎቹ በአንድ ላይ ወደ ጥግ ሸሹ። አባትየው የተወለወለ ጫማቸውን ኩስ እንዳይነካው በጥንቃቄ እየረገጡ ቆሙና አንድ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተቱ።

«ይቺስ ምን ትባላለች?»

«ገብስማ ናት ጋሼ።»

«ድገመው።»

«ገብስማ።»

አባትየው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ቀጠሉ። ዝግርማዋን ነገራቸው፣ ኮክማዋን ነገራቸው፣ ወሰራዋን ነገራቸው። እያንዳንዷን ሁለት ሁለት ጊዜ አስጠሩት። ትክክል ነህም ተሳስተሃልም የለም። ሰዓት ጠጋኙ ጀርባውን አላበው። ጉትያን ከቀለም ለይቶ ሲያስረዳ ብቻ ቅንድባቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ፤ እሱም ልቡ መለስ አለለት።

ከበሩ አጠገብ፣ እግሯ ላይ ገመድ ያልተፈታላት አንዲት ዶሮ ቀርታለች። ጥቁርም አይደለች፣ ነጭም አይደለች፤ ከረጠበ እንጨት የሚወጣ ጭስ ትመስላለች። እንዲህ ያለችውን እትዬ አላሳዩትም።

«ይቺስ?»

«ይቺ... ጭስማ ትባላለች።»

አባትየው ዓይን ዓይኑን አዩት። «ጭስማ?»

«ጭስማ፤ አዎ ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እንደ ስሜ!»

ከኪሳቸው ውስጥ የሆነ ነገር ኮሽ አለ። «ልጄን በተመለከተ ሐሳቤን የዛሬ ሳምንት እነግርሃለሁ» አሉት። «ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ገበያ ሄጄ አንድ ነገር ማረጋገጥ አለብኝ።»

ያ ሳምንት ለሰዓት ጠጋኙ አልነጋ አልመሽ አለው። ሌላው ቢቀር አባትየውን ቀድሞ እውነቱን ማወቅ ፈለገ፤ ዋሽቶ ከሆነ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል። ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ሳይሞላ እትዬ ፊት ተገኝቶ የዶሮዋን መልክና የሰጣትን ስም ነገራቸው።

«ጭስማ?» ሴትዮዋ ከበርጩማቸው ሊወድቁ ደረሱ። «ሃያ ዓመት ዶሮ ሸጬ ሰምቼው አላውቅም። ግራጫ ናት በላቸው፣ የኔ ጌታ! ምን አስቀባጠረህ?»

ይቅርታውን በአፉ ሲያዘጋጅ ቀና ቢል አባትየው ከገበያው ጫፍ ሲመጡ አየ። የሸሚዛቸው ኮሌታ ከመተኮሱ ብዛት ቀጥ ብሎ ቆሟል። አካሄዳቸው መሬት የሚለኩ ይመስላል፤ እጃቸው ላይ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። የሰዓት ጠጋኙ መልሶች ሁሉ እዚያ ላይ እንደ ክስ ተጽፈው ታዩት።

«እትዬ፣ እሳቸው ናቸው! አደራዎን አያጋልጡኝ!» አለና ከጎጆዎቹ ጀርባ ተደበቀ።

እትዬ ግን የሰሙትም አይመስሉም። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነበር።

«ደህና አደሩ» አሉ ለአባትየው። «ዛሬም እንደ ወትሮው በጣትዎ ሊጠቁሙኝ ነው?»

አባትየው ወረቀቱን ከፈቱ፤ አነበቡ፤ መልሰውም አጠፉ፤ ከዚያም ከሰው ፊት ግጥም እንደሚያነብ ተማሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦ «ዛሬስ ስሟን ተምሬ ነው የመጣሁት... አንዲት ጭስማ ይስጡኝ፤ ካላስቸገርኩዎት ደግሞ፣ ትንሽ አጠገብዎ ቁጭ ልበል።»