የወለቀ ትከሻ

ወጌሻው አንድ ልጁን ምንተስኖትን ገድሎ ገደል የከተተውን ሰው ሲፈልግ ዓመት አልፎታል። ልጁ ከሠርግ ቤት ሲወጣ አብሮት ታይቷል የተባለው አስናቀው ትከሻው ወልቆ ሲመጣለት በልቡ ደስ አለው። ‹‹ከዋሸኝ ይህ ክንድ ዳግመኛ ማጭድ አይጨብጥም›› ሲል ለራሱ ማለ።

የአስናቀው ጓደኛ የኔዓለም ጋቢ በበሽተኛው ብብት ሥር አሳልፎ ከወዲያ በኩል ወጥሮ ያዘ። ወጌሻው ክንዱን ይዞ አውራ ጣቱን ትከሻው ላይ አሳረፈ። የወለቀ አጥንት የሚመለሰው ጡንቻው ሲላላ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ሰው ሲፈራም ሲዋሽም ይከራል። በሽተኛን በድንገተኛ ጥያቄ ማዘናጋት የወጌሻ ልማድ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም።

‹‹ልጄን ማን ገደለው?››

‹‹ጋሼ፣ ባውቅ እነግርዎት አልነበር? ይልቅ ቶሎ ይሳቡልኝ፣ ሞትኩ!››

ጡንቻው አልከረረም፤ ጭራሽ ላላ። ወጌሻው ክንዱን ዞር አድርጎ ሳበ፤ አጥንቱ ቀጭ ብሎ ቦታው ገባ።

‹‹እጅዎ ይባረክ!›› አለ አስናቀው ላቡን እየጠረገ።

ወጌሻው ግን ጋቢውን ወደያዘው ወደ የኔዓለም ዞረ። ጥያቄው ከአፉ እንደወጣ ከጋቢው የመጣ መንቀጥቀጥ በአስናቀው ትከሻ በኩል አልፎ አውራ ጣቱ ድረስ ደርሶ ነበር።

በሩን ዘጋና እጁን እንደገና ቅቤ ቀባ።

‹‹የኔዓለም፣ አንተ ደግሞ ና ተቀመጥ።››

‹‹እኔን ምን ሆንክ ብለው ነው ጋሼ? ትከሻዬ ደህና ነው እኮ!››

‹‹አውቃለሁ›› አለ ወጌሻው። ‹‹ተቀመጥ።››