ወደ ኋላ የማይረግጥ እግር

«በላይኛው ሰፈር አንድ ሰውዬ ከካንሰር ድኖ ብስክሌት ነዳ፤ በሳምንቱ ተቀበረ» ይላል ጋሼ፣ የአክስቴ ባል፣ የግቢውን በር በጀርባው ዘግቶ። ትናንት ሲያወራው ሰውየው የተቀበረው በወሩ ነበር። በዚህ አያያዙ አክስቴ ወጥታ እስክትመለስ ኮርቻው ላይ እንዳለ ይሞትብናል።

«ስሙ ማን ነው?» እለዋለሁ፣ ጎማውን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ።

«የማን?»

«የሟቹ።»

«እኔ ምን አውቄ። ሰው ነው የነገረኝ።»

«እንግዲያው ነፍስ ይማር በልና በሩን ልቀቅ።»

አክስቴ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጣ ሻሿን ደጋግማ እያጠበቀች ትጠብቀናለች። ልብስ ሰፊ ናት። የካንሰር ሕክምናዋን ከጨረሰች ወራት አልፈዋል፤ በሽታው ሲወጣ ግን ድካሙን ትቶባት ወጣ። መድኃኒቱም የእግሯን መዳፍና የጣቶቿን ጫፍ አደንዝዞታል። የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ «የሰው እግር የተዋስኩ ይመስለኛል» ብላ፣ ጨርቅ አልብሳው ተነሳች። ሐኪሟ «ይሄ ተኝቶ የሚለቅ ድካም አይደለም፤ መራመዱ ጉልበቷን ካመማት በቀስታ ብስክሌት ትንዳ» አለች። የጋሼ ሟች የተወለደው የዚያን ዕለት ማታ ነው።

ብስክሌቱ የእኔ ሥራ ነው። ጥገና ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ፣ ስገጣጥም ብሎን እየተረፈኝ ነው የተማርኩት። ጣቶቿ የእጅ ፍሬን አይጨብጡም ብዬ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚቆም መረጥኩላት። ግቢ ውስጥ ኮርቻውን ይዤ አለማመድኳት፤ «እግርሽ ከቆመ ትወድቂያለሽ» እያልኩ። ዛሬ መንገድ ልትወጣ ነው፣ ብቻዋን።

የምትወጣውም ለሽርሽር አይደለም። ጋሼ ለስፌት መኪናዋ በስልክ ገዢ አግኝቷል፤ ዛሬ ከሰዓት ሊያየው ይመጣል። «ባየሽው ቁጥር ከሚያስለቅስሽ ይሂድልሽ» አላት። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ዳቦ ቤቱ ጋ ደርሳ ሳትወርድ ከተመለሰች መኪናው ይቀራል፣ ከወረደች ይሸጣል።

ጋሼ እያጉረመረመ በሩን ይለቃል። ገዢው ሰዓቱን እንኳ አልጠበቀም፤ አንድ ረጅም ሰውዬ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ እናገኛለን።

«እኔ የመጣሁት...»

«ለምን እንደመጡ እናውቃለን» እለዋለሁ። «እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጡና እስክትመለስ ትንፍሽ እንዳይሉ።»

ይቀመጣል።

አክስቴ ትነሳለች። መጀመሪያ መሪው እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ከዚያ ልብ ይገዛል። ጋሼ እንደ ቀብር አጃቢ ኋላዋ ኋላዋ ይሄዳል፤ ጥላው ትርቃለች። ጉልበቶቿ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ መኪናዋ ላይ እንደነበሩት፣ እኩል። ዳቦ ቤቱ ጋ ትደርሳለች። ትዞራለች። አትወርድም።

«ደርሰሻል» እላታለሁ ስትቃረብ። «በቃ፣ ቁሚ።»

«እንዴት ነው የሚቆመው?»

«ወደ ኋላ እርገጪው።»

«ወደ ኋላማ ክር ይበጥሳል» ብላን ታልፋለች።

ይህን አላሰብኩበትም። በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይተበተባል፣ ይበጠሳል። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ እግሯን የቀጣችው ወደ ኋላ እንዳይሄድ ነው። ግቢ ውስጥ ደግሞ ፍሬኑ እኔ ነበርኩ።

መንገዱ ሰፈሩን ዞሮ ይመለሳልና ብዙ ሳይቆይ በዳቦ ቤቱ በኩል ብቅ ትላለች። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳው ጋሼ ቀኝ እግሩን መሬት ላይ እየተጫነ «ፍሬን፣ ፍሬን ያዢ» ይላል።

«የእጅ ፍሬን የለውም።»

«ለበሽተኛ ፍሬን የሌለው ብስክሌት ሰጠሻት?»

«በሽተኛዋ የታለች? እስቲ ሮጠህ ያዛት።»

ይሮጣል። እስከ ጎረቤት በር ደርሶ ወገቡን ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ሟቹን አያነሳውም።

እንደገና ስትመጣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ለመስተዋት እንኳ ያላሳየችው አዲሱ ፀጉሯ እንደ ጫጩት ላባ ቆሟል፤ የምትሸፍንበት ትርፍ እጅ የላትም። ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈውን ሰው «ዞር በሉ፣ ዓይን የላችሁም እንዴ» እያለች ትሞልጨዋለች። ከታመመች ወዲህ ሰው ስትቆጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሼ አፉን በመዳፉ ይዟል፤ ይሳቅ ያልቅስ አይለይም።

«ደከመኝ» ትለኛለች ስትቃረብ፣ ድምጿ ቀጥኖ። «ልወድቅ ነው።»

ከወደቀች ዳግመኛ ብስክሌት ላይ አትወጣም። አውቃታለሁ፤ መኪናዋም ላይ አትቀመጥም።

«አክስቴ» እላለሁ፣ በሙሉ ድምፄ፣ «ክሩ አለቀ።»

እግሮቿ ቀጥ ይላሉ። እሷን እንኳ አላስፈቀዱም። ብስክሌቱ በራሱ እየተንሸራተተ፣ እየቀዘቀዘ በራችን ጋ ሲደርስ ረጅሙ ሰውዬ ከድንጋዩ ተነስቶ መሪውን በሁለት እጁ ይይዛል።

አክስቴ ታለከልካለች። አትወርድም።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«መኪናሽን ሊገዛ የመጣው ነዋ።»

ወገቧን ቀጥ ታደርጋለች። «አይሸጥም» ትለዋለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

«የምን መኪና?» ይላል ሰውየው። እኔን ያያል፣ ጋሼን ያያል፤ መሪውን ግን አልለቀቀም። «እኔ እኮ ሱሪዬ አጥሮኝ ነው፤ እጥፉ እንዲለቀቅልኝ። ድነው ሥራ ጀምረዋል ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት።»